የለም ያልኩት ምንጭ

ብዙ መናገር አልወድም። ልጄ ኦርሊ ግን "ኢማ፣ ለእኔ የነገርሽኝን ጻፊው፤ እኔ ብቻ ይዤው ልቅር?" አለችኝ። ኢማ በዚህ አገር ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። ስለዚህ ጻፍኩት። ነገሩ የአንድ ምሽትና የአንድ ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ጥቂት ካልነገርኳችሁ ግን ለምን እንደፈራሁ አይገባችሁም።

ስሜ የሺ ነው። ከጎንደር፣ ከወገራ ነው የመጣነው። የምንኖረው ሀይፋ ዳርቻ፣ ተራራው ወደ ነሸር በሚወርድበት በኩል፣ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሦስት ልጆች አሳድገንበታል። ባለቤቴ ባዬ የመጋዘን ጥበቃ ነው። እኔ ሀዳር ሰፈር ሄጄ አንዲት አሮጊት እንከባከባለሁ፤ አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣቸዋለሁ። ዕብራይስጥ እሰማለሁ፤ ለገበያና ለሥራ የሚበቃኝን ያህልም እናገራለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር ሲመጣ ኦርሊ ታስተረጉምልኛለች።

ከፎቃችን ጀርባ ሸለቆ አለ። ጥድ፣ ቁጥቋጦ፣ ብዙ እሾህ፣ ሰው የጣለው አሮጌ ፍሪጅ። ዝናብ ሲመጣ ጎርፍ ይወርድበታል፤ በበጋ ላየው ሰው ደረቅ ነው።

እኛ ቤተ እስራኤል በአገራችን ሳለን መንደራችንን የምንሠራው ወራጅ ውሃ ዳር ነበር። በኦሪት ሥርዓት ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ከቤት ወጥታ ለብቻዋ ጎጆ ትቆያለች። ሰባቱ ቀን ሲሞላ በሚፈስ ውሃ ሙሉ ሰውነቷን ታጥባ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ለብቻዋ ጠብቃ፣ ወደ ቤቷ ትገባለች። እናቴ ያስተማረችኝ ይህን ነው። እዚህ ለዚሁ ጉዳይ የተሠራ የመታጠቢያ ቤት አለ፤ ሚክቬ ይሉታል። ንጹሕ ነው፤ ውሃውም ሙቅ ነው፤ የተቀበለችኝ ሴትም ደግ ነበረች። ክፉ አልናገርም። ውሃው ግን የቆመ ነው። ወጥቼ ቤቴ ስገባ እንዳልታጠብኩ ሆኖ ተሰማኝ።

እዚህ ፎቅ በገባን ዓመት፣ በበጋ፣ በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ተርብ ወደ ሸለቆው ሲመላለስ አየሁ። በዚያ ሙቀት ተርብ ውሃ ፍለጋ ካልሆነ ወዴት ይመላለሳል? ወረድኩ። ከአንድ ትልቅ ነጭ ድንጋይ ሥር፣ ከእሾሁ ጀርባ፣ ጣት የሚያህል ውሃ ይፈልቃል። ከፊቱ ደለሉን ጠረግኩ፤ ድንጋይ ደረደርኩ፤ ሲቀመጡበት እስከ ደረት የሚደርስ ጉድጓድ አበጀሁ። ውሃው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል፤ ጥቂት ሄዶ ጠጠሩ ውስጥ ይሰወራል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ፣ እርጉዝና አራስ ከሆንኩበት በቀር፣ በየወሩ እዚያ ታጠብኩ። ሃያ ዓመት አለፈኝ።

ከባዬ በቀር ማንም አያውቅም። ቀኑ ሲደርስ እሱ የፕላስቲክ ወንበር ይዞ መውረጃው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ጎረቤታችን ቪክቶር ውሻውን ይዞ ሲመጣ ባዬ ስለ እግር ኳስ ይጀምርለታል። ቪክቶር ስለ ኳስ ከጀመረ ውሻው ራሱ ሰልችቶት ይተኛል። እኔ ስጨርስ በምንጩ ዓይን ላይ ጠፍጣፋ ድንጋዮች እከድናለሁ፤ ጉድጓዱ ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ እጎትታለሁ። የሴት ገመና ነውና አጥብቄ ደበቅሁት። በዚያ ያለፈ ሰው ድንጋይና እሾህ ብቻ ነው የሚያየው።

ከዚያች ምሽት አምስት ዓመት በፊት፣ እንደዚሁ በበጋ፣ ባዬ ሥራ ላይ ሳለ ብቻዬን ወረድኩ። ታጥቤ፣ ፀጉሬ እንደረጠበ ስወጣ፣ ባለሦስት እግር መሣሪያ የተሸከመ ቀያሽ መንገዱ ላይ አገኘኝ። ጨዋ ሰው ነበር።

"ይቅርታ፣ እዚህ ታች ውሃ አለ?" አለኝ።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በሥርዓታችን ያን ሰዓት ከወንድ ጋር ቆሜ ማውራት አልነበረብኝም። ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብኩ፤ መሬት መሬቱን እያየሁ "ኤን ማይም" አልኩት። ውሃ የለም። ከሻሼ ሥር ውሃው በአንገቴ እየወረደ ነበር። አመስግኖኝ ጻፈና ሄደ።

ሐሰት መሆኑን አውቄዋለሁ። በዚያ ሳምንት ስጸልይ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ማንን ጎዳሁ ብዬ ተውኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ የወር አበባዬ ቆመ። ድንጋዩን ለመጨረሻ ጊዜ ከድኜ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አልወረድኩም።

አሁን ወደ ምሽቷ ልመለስ።

ረቡዕ ነበር። ወሩ ኤሉል ነው፤ አዲሱ ዓመት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ሰው የሠራውን የሚመረምርበት ወር። ኦርሊ ክርያት ቢያሊክ ከተማ አስተማሪ ናት፤ እኛ ጋ ልታድር መጣች። ደረጃው ሥር የተለጠፈውን ማስታወቂያ በስልኳ አንስታው ነበር።

"ኢማ፣ ይሄን ሞዳዓ አይታችሁታል?"

"ምን ይላል?"

"ከኋላችን አራት ረጃጅም ሕንፃ ሊሠሩ ነው። በጋውን ሙሉ ከላይ የሚቆፍሩት የዚህ ነው።"

"ቤት ለሌለው ቤት ይሆናል" አልኩ። ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።

"እሱማ ቤሰደር፣ ጥሩ ነው። ችግሩ ሸለቆውን ይሞሉታል። ጎርፉን በቱቦ ከሥር አሳልፈው ከላይ መንገድ ሊያደርጉበት ነው። ሕግ እኮ አለ። ቦታው ነሃል ከሆነ፣ ማለት ዓመቱን ሙሉ ውሃ ያለው ወንዝ ከሆነ፣ ቱቦ ውስጥ ማስገባት አይፈቀድም። ከግራ ከቀኝ መሬት ሳይነኩ መተው አለባቸው። ያፈሰሱትን አፈር አንስተው፣ ዳሩን ተክለው፣ እንደነበረ ሳይመልሱት ሰው ቤቱ ውስጥ አይገባም። የዝናብ መውረጃ ብቻ ከሆነ ግን ይሞላል።"

"የትኛው ነው አሉ?"

"መውረጃ። ቆይ፣ ሪፖርቱ እዚህ አለ።" እያነበበች ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች። "'በቦታው ምንጭ አልተገኘም። በበጋ ውሃ እንደሌለም በሸለቆው ስታልፍ የተገኘች አንዲት የኢትዮጵያ ተወላጅ ነዋሪ አረጋግጣለች።'" ሳቀች። "ማናት ይቺ? አክስቴ ዝናሽ ትሆን? ዝናሽ እንኳን ሸለቆ ልትወርድ ሊፍት ትፈራለች።"

ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

"ነገ ጠዋት እዚያው ቦታው ላይ ጉብኝት አለ" አለች ኦርሊ። "ተቃውሞ ያለው መጥቶ ይናገራል። ማስረጃ ካልመጣ እሑድ መኪኖቹ ይገባሉ። እኔ እሄዳለሁ፤ ግን ምን እላለሁ? ደረቅ ነው እኮ።"

ስልኳ ጠራና ልታወራ በረንዳ ወጣች። ባዬ ከወንበሩ ሳይነሳ ከመነጽሩ በላይ አየኝ።

"አንቺ ነሽ" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ምን ብለሽው ነበር?"

"የለም አልኩት። ፀጉሬ ርጥብ ነበር።"

መነጽሩን አወለቀ። "እና አሁን?"

"ብናገር እንዴት እንዳወቅሁ ይጠይቁኛል። በወንዶች ፊት። በልጄ ፊት። በቪክቶር ፊት።"

"ለቪክቶርስ ጥሩ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ለምን ስለ ኳስ እንደጠየቅሁት ይገባዋል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ ኳስ አልወድም እኮ፣ የሺ።"

ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ አፍሬ ተውኩት።

"ገመናው ያንተም ነው" አልኩት። "አትናገሪ ካልከኝ አልናገርም።"

"እኔ ከሰው ዓይን ነው የጠበቅሁሽ። ውሃውን ከእግዚአብሔር ልደብቅ አልተቀመጥኩም" አለ። "እንደ ልብሽ አድርጊ። ወንበሩን እኔ እይዛለሁ።"

አልጋዬ ላይ ሆኜ ያስፈራኝ መናገሩ ብቻ አልነበረም። ድንጋዩን ከከደንኩት ሦስት ዓመት ሆኗል። ከላይ በጋውን ሙሉ ቆፍረዋል። ምንጭ ከላይ ሲቆረጥ ሥሩ ይደርቃል፤ ይህን አገራችን ላይ አይቻለሁ። ገመናዬን በሰው ፊት አውጥቼ፣ ድንጋዩን ቢያነሱት ደረቅ ቢሆንስ? ዝም ብልስ? ዝም ካልኩ እግዚአብሔር የሰጠኝን ውሃ በራሴ ቃል እቀብረዋለሁ።

ጠዋት ወደ ኢየሩሳሌም ዞሬ ጸለይኩ። ቃሉ አጭር ነበር። የምናገረውን ስጠኝ፤ ከተናገርኩ በኋላ የሚመጣውንም እንድችለው አድርገኝ።

መውረጃው ጫፍ ላይ ዐሥር የምንሆን ሰዎች ተሰበሰብን። ቪክቶር ከነውሻው አለ። ጉብኝቱን የምትመራው ሩቲ የምትባል፣ የወንዞችን ጉዳይ ከሚመለከት መሥሪያ ቤት የመጣች፣ ፀጉሯ አጭር፣ ጫማዋ ጭቃ የለመደ ሴት ነበረች። የሠሪው ኩባንያ መሐንዲስ ዶሮን ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀዝቃዛ ውሃ በላስቲክ ኩባያ ለሁላችንም አደለን።

ሩቲ ነዋሪዎቹን በየተራ ጠየቀች። አንዷ ስለ አቧራው ተናገረች፤ አንዱ ስለ መኪና ማቆሚያ። ቪክቶር ተራው ሲደርስ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖሬአለሁ። በየቀኑ እወጣለሁ። ውሃ አለ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን መዋሸት አልችልም፤ አይቼ አላውቅም።"

ባዬ ጫማውን ያይ ነበር። ቪክቶር ወደ ታች ወርዶ የማያውቀው በማን ምክንያት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

"ሌላ የሚናገር አለ?" አለች ሩቲ። የእስክሪብቶዋን ክዳን አነሳች።

"ኦርሊ" አልኩ በአማርኛ። "ውሃ አለ በያቸው።"

"ምን ውሃ፣ ኢማ?"

"አለ። ነጩ ድንጋይ ሥር። በያቸው።"

ኦርሊ ነገረቻቸው። ዶሮን ወረቀቱን ገለጠ። "ሪፖርቱ የለም ነው የሚለው። አንዲት ነዋሪ ራሷ አረጋግጣለች" አለ።

ይህን ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። በራሴ ዕብራይስጥ "ያቺ ሴት እኔ ነኝ" አልኩት። "ዋሽቻለሁ።"

ኦርሊ ወደ እኔ ዞረች። ሌሎቹም ዞሩ። ሩቲ ግን ክዳኑን መልሳ ኪሷ ከተተችና ረጋ ብላ ጠየቀችኝ።

"ያን ጊዜ ለምን የለም አልሽ? በበጋ እንደሚፈስስ በምን አወቅሽ? ለእኔ የሚያስፈልገኝ የበጋው ነው።"

ይህን በዕብራይስጥ አልችለውም። ለኦርሊ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገርኳት። ሰባቱን ቀን፣ ድንጋዩን፣ አባቷ ወንበር ይዞ መቀመጡን፣ ቀያሹን፣ ርጥብ ፀጉሬን። ልጄ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ስጨርስ ጉሮሮዋን ጠርጋ ለሩቲ እንዲህ አለቻት፦

"እናቴ አንዳንድ ጊዜ እዚህ እግሯን ትታጠብ ነበር ትላለች።"

"አንዳንድ ጊዜ መቼ?" አለ ዶሮን። "ክረምት ላይማ ውሃ አለ፤ ማንም አልካደም።"

"ኦርሊ፣ እንደዚያ አላልኩም" አልኳት።

"ኢማ፣ በቃ። ሰው ሁሉ ይሰማል።"

"እንዲሰማ ነው የወጣሁት። አንዳንድ ጊዜ ካልሽ አንዳንድ ጊዜ ብለው ይጽፋሉ። በየወሩ በይ። ለምን እንደሆነም በይ።"

"ለእኔ እንኳን ነግረሽኝ አታውቂም።" ድምፅዋ ተሰበረ። "አሁን በሰው ፊት ትነግሪኛለሽ?"

"ስታገቢ ልነግርሽ አስቤ ነበር። አንቺ እንደ ጓደኞችሽ ሚክቬ ሄድሽ። አታፍሪብኝ ብዬ ተውኩት። ይቅር በይኝ፣ ልጄ። አሁን በይላቸው።"

ኦርሊ ቀና ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች። ቃል አላስቀረችም። እኔ የማላውቀውን ያማረ ዕብራይስጥ ተናገረች፤ ባላውቀውም የእኔን ነገር እንደምትናገር ከአፏ አየሁት። ማንም አልሳቀም። ዶሮን ወደ ጥዶቹ ዞሮ ቆመ፤ ስለዚያ ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

ቪክቶር ወደ ባዬ ጠጋ አለ። "ለዚህ ነው?"

"ለዚህ ነው።"

"ስለ በረኛው የጠየቅኸኝ ሁሉ?"

"በረኛውን አላውቀውም" አለ ባዬ።

"ሃያ ዓመት" አለ ቪክቶር። "እኔ ደግሞ የሚሰማኝ ሰው አገኘሁ ብዬ።"

"መስማቱንስ ሰምቼሃለሁ።"

ሩቲ "አሳዩኝ" አለች። ወረድን።

ቦታው ተለውጧል። ከላይ የተቆፈረው አፈር ተንሸራትቶ ነጩን ድንጋይ እስከ ወገቡ ሸፍኖታል። እሾሁ ደርቋል። ባዬና ቪክቶር ቅርንጫፉን ጎትተው አወጡ። አፈሩን በጫማቸው ገፈፉት፤ ጠፍጣፋዎቹ ድንጋዮች እንደከደንኳቸው ነበሩ። አንዱን አነሱት።

ከሥሩ አመድ የመሰለ ደረቅ አፈር ነበር።

ሁለተኛውን አነሱ። ያው ነው።

ዶሮን ሰዓቱን አየና እንዳያሳዝነኝ ተጠንቅቆ ተናገረ። "እመቤቴ፣ ማንም አይወቅስሽም። ከዓመታት በፊት ነበረ ይሆናል።"

ሩቲ ግን ድንጋዩ ፊት ተንበርክካ በጥፍሯ ትፍቅ ነበር። "ይህን ነጭ መስመር እዩት" አለች። "ኖራ ነው። ውሃ ለብዙ ዓመት አንድ ልክ ላይ ሲቆም ነው የሚተወው።" ትንሽ ዝቅ ብላ አፈሩን ስትጠርግ ለእግሬ መርገጫ ያኖርኳቸውን ሁለት ድንጋዮች አገኘች። መሐላቸው ከመረገጥ ብዛት ለስልሷል። ቀና ብላ አየችኝ።

"ነበረ ማለት አለ ማለት አይደለም" አለ ዶሮን።

"ልክ ነህ" አለችው። "ዛሬ መኖሩን ማየት አለብኝ።"

አንዱ ነዋሪ አካፋ ይዞ መጣ። "አይሆንም" አልኩት። የተከደነ ምንጭ በኃይል ከቆፈሩት ጭቃው ዓይኑን ይደፍነዋል። ተንበርክኬ በእጄ ጀመርኩ። ደረቁን ወደ ኋላ፣ ጠጠሩን ወደ ጎን። ኦርሊ ከጎኔ ተንበረከከች፤ የለበሰችው ለትምህርት ቤት የገዛችው ነጭ ሱሪ ነበር።

"እንዴት ነው የማደርገው?" አለችኝ።

"በቀስታ። ወደ ራስሽ ሳቢ እንጂ አትጫኚው።"

አንድ ክንድ ያህል ስንወርድ አፈሩ ጠቆረ። ትንሽ ቆይቶ ቀዘቀዘ። የድንጋዩ ስንጥቅ ጋ ደረስኩ። ጣቴን አስገብቼ የሸክላ ጭቃውን ትንሽ ትንሽ አወጣሁ። ከዚያ እጄን መለስኩ።

"ለምን አቆምሽ?" አለች ሩቲ።

ለኦርሊ ነገርኳት፤ ኦርሊም "ይረፍ ትላለች" አለቻት። "ሲታወክ አይመጣም።"

ጠበቅን። ፀሐይዋ በረታች። ዶሮን ስልክ አነሳና "ቆይ፣ ገና ነን" ብሎ ዘጋ። ከነዋሪዎቹ ሁለቱ ወደ ሥራቸው ሄዱ። ቪክቶር እንኳን አልተናገረም። እኔ አፌን ሳልከፍት እጸልይ ነበር። ውሃ ስጠኝ አላልኩም። እንደዚያ ብዬ ብጠይቅ የሚያሳፍር መሰለኝ፤ ሰጥቶኝ እኔ ነኝ የለም ያልኩት። የጸለይኩት ይህን ብቻ ነበር፤ የሆነው ይሁን፣ እኔ ግን ዝም አላልኩም።

መጀመሪያ ያየችው ኦርሊ ናት። "ኢማ" ብላ ክንዴን ያዘችኝ።

ስንጥቁ አፍ ላይ ጭቃው አብረቀረቀ። ጤፍ የምታህል ውሃ ወጣች፤ ቆመች፤ ወረደች። ሌላ ተከተላት። ጉድጓዱ ቡና ዓይነት ድፍርስ ውሃ ያዘ። ከዚያ ከታች ተገፍቶ ድፍርሱ ወደ ጎን ሄደ፤ መሐሉ ጠራ፤ ፈሰሰ።

"ከላይ ከተቆረጠ ቧንቧ የመጣ ውሃ እንዳይሆን" አለ ዶሮን። መጠየቁ ተገቢ ነበር። ሩቲ በትንሽ ብልቃጥ ቀድታ የመመርመሪያ ጠብታ ጨመረችበት። የቧንቧ ውሃ መድኃኒት ስላለበት ቀለሙን ይለውጣል አለች። አልተለወጠም። ሌላ ጠርሙስ ስንጥቁ ሥር ይዛ በስንት ጊዜ እንደሚሞላ በሰዓቷ ለካች፤ ጻፈች፤ ፎቶ አነሳች።

ዶሮን ወደ ላይ፣ ወደ ቁፋሮው አየ። "የላይኛውን ፕላን እንደገና መሥራት አለብኝ" አለ ለራሱ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጁን ውሃው ውስጥ ነከረ። "ቀዝቃዛ ነው" አለ።

ከበዓላቱ በኋላ ውሳኔው መጣ። ሸለቆው ወንዝ ነው ተባለ። ቱቦው ቀረ። ሕንፃዎቹ ወደ ላይ ሸሹ፤ ከአራቱ አንዱ ተቀነሰ። ኩባንያው ያፈሰሰውን አፈር አነሳ፤ ምንጩ አካባቢ መኪና ስለማይገባ ሰዎች በእጅ ነው የሠሩት። ዶሮን አንድ ቀን በራችንን አንኳኩቶ ድንጋዮቹ ዱሮ በየት በኩል እንደነበሩ ጠየቀኝ። ወርጄ አሳየሁት። ዳሩ ላይ ሸምበቆና የአገሩን ቁጥቋጦ ተከሉ። ፍሪጁንም አነሱት።

እናንተ የምታነቡ፣ ደስታ ብቻ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም፤ አንድ ጊዜ ዋሽቼ አይቼዋለሁ። ዛሬ በምንጩ አጠገብ የእግር መንገድ ያልፋል፤ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ልጆች እግራቸውን ይነክራሉ። እዚያ ታጥባ ፀሐይ እስክትጠልቅ የምትቀመጥ ሴት ከእንግዲህ አትኖርም። የእኔ የነበረው የሁሉ ሆነ። አንዳንድ ቀን ከበረንዳ ሳየው ልቤን ይነካኛል። መልሼ ደግሞ አስባለሁ፤ ተሰውሮ የኔ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ከመንገድ ሥር ነበር።

ብዙ ነገር መሸፈን መጠበቅ ይመስለኝ ነበር። ልጄንም እንዲሁ ነው ያሳደግኋት፤ እንዳታፍር ብዬ ከድኜባት። ከዚያ ቀን ወዲህ ኦርሊ ትጠይቀኛለች፤ እኔም እመልሳለሁ። ስለ እናቴ፣ ስለ ጎጆው፣ ወደዚህ ስንመጣ በመንገድ ስለቀሩት። አንዳንዱን ስነግራት ታለቅሳለች፤ አንዳንዱን ስነግራት ትቆጣለች፤ "ይሄ ለሴት ከባድ ነበር" ትለኛለች። ከባድ ነበር እላታለሁ። ቀላል ነበር ብዬ አልሸፍንባትም። ሚክቬ መሄዷን አልተወችም፤ ተዪም አላልኳትም። ለዚህ ሁሉ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ያን ጠዋት ልንለያይ ስንል ሩቲ ምስክርነቴን ጽፋ እንድፈርም ሰጠችኝ። በዕብራይስጥ መጻፍ አልችልም፤ በአማርኛ ፊደል "የሺ" ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ በኦርሊ በኩል አንድ ነገር ለመንኳት፤ የመጀመሪያውን፣ የለም ያልኩትን፣ ከመዝገቡ እንድታጠፋልኝ።

ሩቲ ራሷን ነቀነቀች። "መዝገብ ላይ የገባ አይጠፋም" አለች። "ከሥሩ ነው የምንጨምረው።"

ከፍቶኝ ነበር። አሁን ግን ትክክል እንደሆነች አውቃለሁ። ያ ፋይል ዛሬም አለ፤ የፈለገ ሰው ሊከፍተው ይችላል። ውሃ የለም ያለች ሴት አለችበት። ገጹን ሲገልጥ፣ ያቺው ሴት ውሃ አለ ትላለች።